ያለ ጥርስ ስለ ተወለዱ ሕፃናትና ስለሚሠራላቸው የሚወልቅ ጥርስ

ሕፃን በተወለደ በመንፈቁ ገደማ የመጀመሪያዪቱ ጥርስ ከታችኛው ድድ ብቅ ያለች እንደ ሆነ በቤት ውስጥ የሚሰማው ደስታ ቀላል አይደለም። እናት በጣቷ ጫፍ ትዳስሳታለች፤ አያትም ምርቃቷን ታወርዳለች። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ጥርሶች ተራቸውን እየጠበቁ ይወጡና ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ 20 የወተት ጥርሶች ይሟሉለታል። ይህ ነገር በየቤቱ የተለመደ በመሆኑ፣ ጥርስ ማለት ማንም ሳይጠራው በጊዜው የሚመጣ ይመስለናል።

ነገር ግን ጥርስ በጊዜው የማይመጣለት ሕፃን አለ። አንደኛው ዓመት አልፎ ሁለተኛው ሲጋመስ፣ እኩዮቹ ዳቦውን በጥርሳቸው እየገመጡ ሲበሉ፣ የእርሱ ድድ እንደ ተወለደ ቀን ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ወይም ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ፣ እነርሱም እንደ ወስፌ ጫፍ የሾሉ፣ ተራርቀው ይበቅላሉ። በዚህ ጊዜ ወላጆች ይጨነቃሉ፤ ዘመድም ልባቸውን ለማረጋጋት ሲል «ልጁ ይደግ እንጂ፣ ካደገ በኋላ የሚደረገው ይደረግለታል» ይላቸዋል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ልጁን ይጎዳል። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣነው፣ ያለ ጥርስ ለተወለደ ሕፃን ገና በሦስት ዓመቱ የሚወልቅና የሚገባ ጥርስ ሊሠራለት እንደሚቻል፣ መዘግየቱም ስለ ምን እንደሚጎዳው ለወላጆችና ለቤተ ሰብ ኀላፊዎች ለማስረዳት ነው።

ጥርስ የሚጎድለው እንዴት ነው?

የጥርስ አፈጣጠር የሚጀመረው ልጅ ከተወለደ በኋላ አይደለም። ፅንሱ 6 ሳምንት ያህል ሲሆነው መንጋጋውን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በየስፍራው ወደ ውስጥ እየታጠፈ የጥርስ ቡቃያ ያበጃል። ከዚያም ቡቃያው በድዱ ውስጥ ተሰውሮ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ ጊዜው ሲደርስም ድዱን ከፍሎ ይወጣል። እንግዲህ ቡቃያው ከመጀመሪያው ያልተበጀ፣ ወይም ተበጅቶ ሳለ በመካከል የቀረ እንደ ሆነ፣ ያ ጥርስ በኋላ ከየትም አይመጣም። ድድን ቅቤ በመቀባት፣ ወይም ክታብ በአንገት በማሰር ያልተዘራውን ዘር ማብቀል አይቻልም።

የጎደለው የጥርስ ቍጥር ግን ከሰው ሰው ይለያያል። በጕልምስና ጊዜ የሚወጡትን የመጨረሻዎቹን መንጋጋዎች ሳንቈጥር፣ ከቋሚ ጥርሶቹ አንዱ ወይም ሁለቱ የሚጎድሉበት ሰው ከመቶ ስድስት ያህል ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚጎድሉትም ከላይኞቹ ሁለት ትልልቅ የፊት ጥርሶች በግራና በቀኝ ያሉት ትንንሾቹ፣ ከታች ደግሞ ከትልልቆቹ መንጋጋዎች ፊት ያሉት ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ሳይቸገር ይኖራል። ስድስትና ከዚያ በላይ የጎደለበት ግን ጥቂት ነው፤ አንድም ጥርስ የሌለው ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። የወተት ጥርስ መጕደልም ከመቶ ሕፃናት በአንዱ እንኳ የማይደርስ ነገር ነው። ቍጥሩ ቢያንስም ነገሩ ለደረሰበት ቤት ትልቅ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች ያለ ጊዜው እንዳይደነግጡ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጥርሱ ዘግይቶ የሚወጣለት ልጅ አለ፤ ስለዚህ በመጀመሪያው የልደት ቀን ጥርስ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። ነገር ግን ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት አንድም ጥርስ ያልታየ እንደ ሆነ፣ ወይም የወጣው ጥርስ ጫፉ የሾለ እንደ ሆነ፣ ለጥርስ ሐኪም ማሳየት ይገባል። ሐኪሙም ልጁ ለመነሣት በሚችልበት ዕድሜ በራጅ አንሥቶ፣ በድዱ ውስጥ ቡቃያ መኖሩንና አለመኖሩን ለይቶ ይነግራቸዋል።

ደግሞም ከልደት ሳይሆን በሰው እጅ የሚመጣ የጥርስ መጕደል መኖሩን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በአገራችን በአንዳንድ ስፍራ፣ እንዲሁም በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች፣ ሕፃን ተቅማጥ ወይም ትኵሳት ሲይዘው ግግ ነው ተብሎ ድዱ ተፈልፍሎ እብጠቱ ይወጣል። የሚወጣው ግን በሽታ ሳይሆን ገና ያልጠነከረው የክራንቻ ጥርስ ቡቃያ ነው። ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ቡቃያም አብሮ ይጎዳል፤ ቍስሉም ደም በማፍሰስና በመመርቀዝ ለሕይወት የሚያሠጋ ይሆናል። ተፈጥሮ የሰጠውን ጥርስ በገዛ እጅ ማጥፋት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝን ነው።

ከጥርሱ ጋራ አብረው ስለሚታዩት ምልክቶች

ብዙ ጥርስ ጎድሎበት የሚወለድ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ሌላም ምልክት ይታይበታል። ጠጕሩ ስስና አነስተኛ፣ ቅንድቡ ሳሳ ያለ፣ ቆዳው ደረቅ፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ቆዳ ጠቆር ብሎ የተጨማደደ፣ ግንባሩም ወጣ ያለ ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድነት የሚያመጣውን በሽታ የሕክምና ሊቃውንት «ኤክቶደርማል ዲስፕሌዥያ» ይሉታል፤ ብዙ ዓይነትም አለው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፅንስ ገና ሲጀመር ከላይ የሚሸፍነው ንብርብር በኋላ ቆዳም፣ ጠጕርም፣ ጥፍርም፣ የላብ ዕጢም፣ የጥርስ ቡቃያም ይወጣበታል። ምንጩ አንድ ስለ ሆነ እርሱ ሲታወክ ከእርሱ የሚቀዱት ሁሉ ይታወካሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ወላጅ ሊጠነቀቅለት የሚገባው የላብ ነገር ነው። ላብ የማያልበው ልጅ ሰውነቱን የሚያበርድበት መንገድ ስለሌለው፣ ፀሐይ ሲበረታ፣ ብዙ ሲሮጥ፣ ወይም ትኵሳት ሲይዘው ሙቀቱ በድንገት እጅግ ከፍ ይላል። በሕፃንነቱ ይህ ነገር ለሞት እስከ ማድረስ ይችላል። ስለዚህ ምክንያቱ ሳይታወቅ ደጋግሞ የሚያተኵሰው፣ ቆዳው ግን ደረቅ የሆነ ሕፃን ሲገኝ ለሐኪም ፈጥኖ ማሳየት ያስፈልጋል። በቤትና በትምህርት ቤትም ጥላ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ሰውነቱን የሚያረጥብበት ጨርቅ ምን ጊዜም ከአጠገቡ እንዳይለይ ማድረግ ነው። ቈላ አገር ለሚኖር ቤተ ሰብ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ይሆናል።

በሽታው አዲስ አይደለም። ስመ ጥሩው የተፈጥሮ መርማሪ ቻርለስ ዳርዊን በ1875 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተመለከተው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ለማዳ እንስሳትና አትክልት እንዴት እንደሚለዋወጡ በጻፈው መጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ፣ ዛሬ በፓኪስታን ግዛት ውስጥ ባለው በሲንድ አገር ይኖር ስለ ነበረ አንድ የሂንዱ ቤተ ሰብ ተርኳል። በዚያ ቤተ ሰብ በአራት ትውልድ ውስጥ 10 ወንዶች በሁለቱ መንጋጋቸው ላይ አራት ደካሞች የፊት ጥርሶችና ስምንት የኋላ መንጋጋዎች ብቻ ነበሯቸው። የገላቸው ጠጕር እጅግ ጥቂት ነበረ፤ ራሳቸውም ቶሎ ይመለጥ ነበረ፤ በበጋ ጊዜም ቆዳቸው እየደረቀ ብዙ ይሠቃዩ ነበረ። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ከሴቶች ልጆች አንዲቱም ሳትታመም፣ በሽታው ግን በእነርሱ በኩል ወደ ወንዶች ልጆቻቸው ይተላለፍ ነበረ፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ግን አልተላለፈም።

ዳርዊን የጻፈው ነገር ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ከ100 ዓመት በላይ ቈይቶ ተገለጠ። በ1996 ዓ.ም. መርማሪዎች የዚህን በሽታ ዋና ዓይነት የሚያመጣውን የዘር ምልክት፣ «ጂን» የሚባለውን፣ ኤክስ በሚባለው የዘር ክር ላይ አገኙት። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ይረዳታል፤ ምናልባት አንድ ሁለት ጥርስ ቢጎድላት ወይም ቢሾልባት ነው። ወንድ ግን አንድ ብቻ ስላለው የሚረዳው የለም። ይህን የተበላሸ ምልክት የያዘች እናት ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው። ወንድም ሴትም ሳይለይ የሚይዝ ሌላ ዓይነትም አለ።

ይህን ሁሉ መዘርዘራችን ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ፣ እርግማን ነው፣ የቡዳ ዓይን ነው፣ እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ያደረገችው ነገር ነው እየተባለ በቤት ውስጥ ብዙ ወቀሳ ይነሣል። በዚህ የምትወቀሰው ሴት ግን ሳታውቀው ከወላጆቿ የተቀበለችውን ነገር፣ ወይም በእርሷ ዘንድ ከቶ ያልነበረና በልጁ ላይ አዲስ የተነሣን ነገር ነው የምትወቀስበት። ባል ሚስቱን፣ አማትም ምራቷን ከመውቀስ ይልቅ በአንድነት ሆነው ልጁን ወደ ሐኪም ቢወስዱ የልጁም የቤቱም ጥቅም ይሆናል።

ስለ ምን ቶሎ ይሠራለታል?

ጥርስ ለማኘክ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ጥርስ የፊት ምሰሶ ነው። ጥርስን የሚሸከመው የመንጋጋ ዐጥንት የሚያድገው ጥርሱ በመውጣቱ ስለ ሆነ፣ ጥርስ በሌለበት ስፍራ ዐጥንቱ ስስና እንደ ቢላዋ አፍ የሾለ ሆኖ ይቀራል። ከንፈርና ጕንጭም የሚደገፉበት ስለሌላቸው ወደ ውስጥ ይሰረጕዳሉ፤ አገጭ ወደ አፍንጫ ይቀርባል፤ የአምስት ዓመት ሕፃንም የሽማግሌ ፊት ይይዛል። ይህን አይቶ የሚስቅ ልጅ በየሰፈሩ አይጠፋም።

ቋንቋም ያለ ጥርስ አይቃናም። «ፈ» የሚባለው ፊደል የላይኛው ጥርስ በታችኛው ከንፈር ላይ ሲያርፍ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ «ተ»፣ «ደ»ና «ነ» ሲባልም ምላስ ወደ ላይኛው የፊት ጥርስ ሥር ትጠጋለች፤ «ሰ»ና «ዘ»ም በጥርስ መካከል በሚያልፍ ትንፋሽ ይነገራሉ። ልጅ ቃላቱን የሚያበጅበት ጊዜ ከሁለት ዓመት እስከ አምስት ዓመት ነውና፣ በዚያ ዘመን ጥርስ ያጣ እንደ ሆነ ምላሱ የተሳሳተ መንገድ ትለምዳለች። በኋላ ጥርስ ቢሠራለትም የለመደውን መተው ሌላ ድካም ይሆናል። ምግቡም እንዲሁ ነው፤ ሥጋ፣ ጥሬ አትክልት፣ ቈሎ፣ ደረቅ ዳቦ ማኘክ ስለማይችል በወጥና በገንፎ ብቻ ያድጋል፤ በማዕድም ጊዜ ከወንድሞቹ ኋላ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የልብ ነገር አለ። ሕፃን ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ሊናገር፣ ሊስቅ፣ ሊዘምር ይፈልጋል። አፉን በእጁ እየሸፈነ የሚስቅ ልጅ ጥቂት ቈይቶ መሳቁን ይተዋል፤ ከዚያም መናገሩን ይተዋል፤ መምህሩም ልጁ ትምህርት የማይገባው ይመስለዋል። ስለዚህ ነው የጥርስ ሐኪሞች የመጀመሪያው ጥርስ፣ ልጁ ነገር ሲያስረዱት በሚሰማበት ዕድሜ፣ ይኸውም በሦስት ዓመቱ ገደማ፣ ቢዘገይም ትምህርት ቤት ሳይገባ እንዲሠራለት የሚመክሩት። የመንጋጋውን ዐጥንት ሰው ሠራሹ ጥርስ ባያሳድገውም፣ ፊቱን፣ ቋንቋውን፣ ማኘኩንና ድፍረቱን በጊዜው ያድንለታል።

የሚወልቅ ጥርስ እንዴት ይሠራል?

ሰው ጥርስ መሥራት የጀመረው ከጥንት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ባለጸጎች ከጉማሬ ጥርስና ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ ያስገቡ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ደግሞ ከጠነከረ ጎማ የሚሠራው መጣ፤ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን «አክሪሊክ» የተባለው፣ የድድ ቀለም የሚቀበልና ቀላል የሆነው ነገር የቀድሞዎቹን ተካቸው። ዛሬ ለሕፃናት የሚሠራው አብዛኛው ከዚሁ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ ቀን ምንም አይሠራም፤ ልጁ ወንበሩን፣ መስተዋቱንና ሐኪሙን እንዲለምድ ብቻ ያደርጋል። በሁለተኛው ጊዜ የድዱን ልክ ይወስዳል። ልክ የሚወሰድበት ከባሕር አረም የሚገኝ «አልጂኔት» የሚባል ዱቄት ሲሆን፣ በውሃ ተለውሶ እንደ ሊጥ ይሆንና በትንሽ ማንኪያ መሰል ዕቃ ላይ ተደርጎ ድዱ ላይ ይጫናል፤ በጥቂት ደቂቃም ይረጋል። ልጁ እንዳያቅለሸልሸው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ራሱን ወደ ፊት ያዘነብላል፤ በአፍንጫው እንዲተነፍስም ይነገረዋል። ከዚያም ጀሶ ፈስሶበት የድዱ ምስል ይወጣል። በምስሉ ላይ ሰም ተነጥፎ የሁለቱ መንጋጋዎች ርቀትና አገጣጠም ይለካል፤ በወተት ጥርስ መጠን የተዘጋጁ ትንንሽ ጥርሶችም በሰሙ ላይ ይተከላሉ። ልጁ ይህን በአፉ ሞክሮ በመስተዋት ካየ በኋላ ሰሙ በአክሪሊክ ይተካል፤ ይጠነክራል፤ ይለሰልሳል።

በዚህ ሥራ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ልጁ ሁለት ወይም ሦስት የሾሉ ጥርሶች ያሉት እንደ ሆነ፣ መልካቸው አያምርም ተብሎ እንዲነቀሉ ማድረግ አይገባም። እነዚህ ጥርሶች በዙሪያቸው ያለውን ዐጥንት ይጠብቃሉ፤ ሰው ሠራሹም በቀጭን የሽቦ መቈንጠጫ ይይዛቸዋል፤ ወይም ከላያቸው ይደረብባቸዋል። መልካቸውንም ሐኪሙ በጥርስ ቀለም ባለው መሙያ ሊያስተካክለው ይችላል። አንድም ጥርስ ለሌለው ልጅ ግን የላይኛው በላንቃው ላይ በስስ ምራቅ ተጣብቆ ይቆማል፤ የታችኛው በስሱ ድድ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ እርሱን መልመድ ይከብዳል። ምራቁ ጥቂት የሆነ ልጅ አፉን ደጋግሞ በውሃ ማርጠብ ያስፈልገዋል።

ልጁ እንዲለምደውና እንዲጠበቅ ስለሚደረገው

ጥርሱ ተሠርቶ ከገባ በኋላ ሥራው ከሐኪሙ ወደ ቤት ይተላለፋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስቸጋሪ ናቸው፤ ምራቅ ይበዛል፤ ንግግር ይተበተባል፤ ልጁም አውጥቶ ሊጥለው ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ቍጣና ማስገደድ ጥርሱን እንዲጠላው ያደርጉታል እንጂ አይጠቅሙም። በመጀመሪያው ቀን ለጥቂት ጊዜ፣ በማግሥቱ ጥቂት ጨምሮ፣ እንዲህ እያለ ቀኑን ሙሉ እስኪይዘው ማስለመድ ነው። ምግቡም አስቀድሞ ፍትፍትና ለስላሳ ነገር፣ ቀጥሎ በትንሹ የተከተፈ ሥጋና ዳቦ ይሁን፤ በሁለቱም ወገን እንዲያኝክ ይለማመድ። ለምላሱ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ልምምድ ፊደል መቍጠርና ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው።

ድዱ የቈሰለ እንደ ሆነ ጥርሱን አውልቆ ወደ ሐኪሙ መመለስ ይገባል። ወላጅ በቤት ውስጥ በሞረድ ወይም በቢላዋ ሊያስተካክል መሞከር የለበትም፤ በእጅ የተፋቀ ጥርስ ዳግመኛ አይገጥምምና። ማታ ሲተኛ ድዱ እንዲያርፍ ጥርሱ ይወልቃል፤ በለስላሳ ብሩሽና በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦም ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ያድራል። የፈላ ውሃ ቅርጹን ስለሚያጣምመው አይነካውም። በሚታጠብበት ጊዜ ከእጅ አምልጦ እንዳይሰበር ከሥር ውሃ የተሞላ ሳህን ማኖር ወይም ፎጣ ማንጠፍ ይበቃል። ለልጁ የቀሩት ጥርሶች ካሉ እነርሱም ጠዋትና ማታ ይቦረሻሉ፤ እነርሱ ቢጠፉ ሰው ሠራሹም መያዣ ያጣልና።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። የላላ ወይም የተሰበረ ትንሽ ጥርስ በልጅ አፍ ውስጥ መተው አደገኛ ነው፤ ሊውጠው ወይም ወደ መተንፈሻው ሊገባበት ይችላል። አክሪሊክ ደግሞ በራጅ ጎልቶ ስለማይታይ ለሐኪም ፍለጋውን ያከብድበታል። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ለሐኪም ማሳየት፣ በመካከሉም የላላ ሲመስል ቀጠሮን ሳይጠብቁ መሄድ የወላጅ ግዴታ ነው።

ልጁ ሲያድግ

የሚወልቀው ጥርስ ለልጅ የተመረጠበት ዋናው ምክንያት መለወጥ የሚቻል መሆኑ ነው። የልጅ ጫማ በየጊዜው እንደሚጠብበት ጥርሱም ይጠብበታል። ለውጡ ትንሽ ሲሆን ሐኪሙ በውስጥ በኩል አዲስ አክሪሊክ ጨምሮ ከድዱ ጋራ ያስማማዋል፤ ብዙ ሲሆን በአዲስ ይተካዋል። ሰባት ዓመት ሲቃረብ እኩዮቹ የወተት ጥርሳቸውን ጥለው ትልልቅ የፊት ጥርስ ሲያወጡ፣ ለእርሱም በዚያው መጠን የተሠራ ይገባለታል። ስለዚህ ወላጅ አንድ ጊዜ ከፍሎ የሚገላገለው ነገር አለመሆኑን አስቀድሞ ዐውቆ፣ እንደ ልብስና እንደ ትምህርት ወጪ ሁሉ ሊያስብለት ይገባል።

አንዳንድ ባለጸጋ ወላጅ ገንዘቡን ሳይሳሳ «የማይወልቀው ይተከልለት» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በስዊድን አገር የነበሩት ፕሮፌሰር ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1965 ዓ.ም. በሰው መንጋጋ ዐጥንት ውስጥ የቲታኒየም ብሎን ተክለው ጥርስ ካቆሙበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ሕክምና ብዙ ሰው ጠቅሟል። ነገር ግን ብሎኑ ከዐጥንቱ ጋራ ፈጽሞ ስለሚዋሐድ፣ መንጋጋው ሲያድግ አብሮ አይሄድም፤ በልጅነት የተተከለ ጥርስ ሌላው ሲያድግ እርሱ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ እድገት እስኪፈጸም፣ ይኸውም እስከ 18 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠብቃሉ። አንድም ጥርስ ለሌለው ልጅ በታችኛው መንጋጋ ፊት ለፊት ብቻ ቀደም ብለው የሚተክሉበት ጊዜ አለ፤ ይህም የታወቁ ባለሙያዎች መክረውበት የሚደረግ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጁን የሚያደርሰው ድልድይ የሚወልቀው ጥርስ ነው።

ስለ በሽታው የሚደረገው ምርምርም አልቆመም። በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ያሉ ሐኪሞች በ2018 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ በሽታው ለታወቀባቸው መንትያ ወንዶች ልጆች፣ የጎደላቸውን ንጥረ ነገር ከመወለዳቸው በፊት በሽርት ውሃው ውስጥ በመርፌ እንደ ሰጧቸው ገልጠዋል። ልጆቹም ከተወለዱ በኋላ ላብ ማላብ ችለዋል። ይህ ገና በጥቂቶች ላይ የተፈተነ ቢሆንም ትልቅ ተስፋ ነው። ደግሞም ብቻውን የቀረ ወላጅ እንዳይኖር፣ በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ግዛት ሜሪ ኬይ ሪክተር የተባሉ፣ ልጃቸው በዚህ በሽታ የተወለደ እናት በ1981 ዓ.ም. የቤተ ሰቦች ማኅበር አቋቁመዋል። ማኅበሩም ወላጆችን እርስ በርስ ያገናኛል፤ ስለ ሕክምናው ያስተምራል፤ ምርምሩንም ይረዳል። የአንዲት እናት ጭንቀት ለብዙ ቤት መጽናኛ ሊሆን የቻለው ነገሩን ስላልደበቀችው ነው።

ክቡራን አንባቢዎች፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ያባቶቻችን አባባል በዚህ ጕዳይ ላይ እጅግ እውነት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ሊሆን አይገባውም። በቤተ ሰባችሁ፣ በሠራተኞቻችሁ ቤት ወይም በምታስተዳድሩት አገር ጥርስ ያልወጣለት፣ ጠጕሩ የሳሳ፣ ሙቀት የማይችል ሕፃን ያያችሁ እንደ ሆነ፣ ወላጆቹን «ይደግ» ብላችሁ አታሰናብቷቸው፤ የጥርስ ሐኪም ወዳለበት ከተማ የሚደርሱበትን መንገድ አመልክቷቸው፤ አቅም ያነሳቸውንም ርዷቸው። መምህራንም ልጁን ከጥላ በታች ያስቀምጡት፤ የሚስቁበትንም ይገሥጹ። ጥርሱ በሐኪም እጅ ይሠራል፤ ልጁ ለብሶት የሚናገርበት ድፍረት ግን የሚሠራው በቤቱ ነው፤ ይህም ሥራ ነገ ሳይባል ዛሬ የሚጀመር ነው።